ሊቀ ድንጋይ ኦስዋልድ ቢድልና የለምጻሞች መስኮት

ሰው ባለበት ሁሉ፣ የሰውን ቤት ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። አዲስ ቤት ስትገቡ፣ ዕቃችሁ ከመኪና ሳይወርድ፣ አጥር ተደግፎ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። «ያ ቧንቧ ውርጭ ሲመጣ ይፈነዳል» ይላችኋል፤ ውርጩ ይመጣል፣ ቧንቧው ይፈነዳል። «ያ በር እኮ ድሮ እዚያ አልነበረም» ይላችኋል፤ እናንተ አሁን የገባችሁበትን በር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሱ ባለበት መንደር ግን ቤትም ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የሌላው ሰው መከራ ቢበዛ ቧንቧና በር ነው። የእኛ ከዚያ ይከብዳል። እኔና ባለቤቴ ሞይራ የገዛነው ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበር።

አትደንግጡ፤ አልዘረፍንም። በእኛ በእንግሊዝ፣ በሊንከንሻየር ገጠር እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ምእመኑ ያልቃል፤ ቄሱ አምስት አጥቢያ በአንዲት አሮጌ መኪና እያዳረሱ ወገባቸው ይጎብጣል፤ በመጨረሻ ጳጳሱ ይፈርሙና ቤቱ በወግ በማዕረግ ተዘግቶ ለሽያጭ ይቀርባል። አንዱን የእህል መጋዘን ያደርጉታል፣ አንዱን ምግብ ቤት። የስኪልቢው ቅዱስ ቦቶልፍ ለእኛ ደረሰን። ስምንት መቶ ዓመት የተጸለየበት ግንብ፣ ዛሬ እኔ ካልሲዬን የማሰጣበት ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሌስተር ከተማ ዓሣና ድንች ስጠብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሕንጻ ጥበብ የማውቀው ጣሪያ ከላይ፣ ወለል ከታች መሆኑን ብቻ ነበር። ቤቱን የፈለገችው ሞይራ ናት። «ሌስሊ፣» አለችኝ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የዘይት ጭስ ባጠቆረው ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ጎንበስ ብዬ ኖሬአለሁ። የቀረኝን ቀና ብዬ ልኑር።» ይህን ላለች ሴት ምን ይባላል? ገዛነው።

ሕዝቡ ይቀመጥበት የነበረው አዳራሽ ሳሎናችን ነው። ካህናቱ ልብስ የሚለብሱበት ዕቃ ቤት መታጠቢያ ቤት ሆኗል። መቅደሱን ሞይራ የክር ሥራዋን የምትሠራበት ክፍል አደረገችው። ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ሠዓሊ አዳራሹን በከፊል ፎቅ ስላደረገው፣ እኛ የምንተኛው ከትልቁ ቅስት ትይዩ ነው። ቅስቱ ላይ የጥንት ሰዎች የሳሉት የፍርድ ቀን አለ፤ አንድ ሰይጣን አንዲትን ሴት ፀጉሯን ይዞ ይጎትታል። ሞይራ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው፤ ቀጥሎ እኔን። ከሁለታችን የትኛው እንደሚያስደነግጣት ጠይቄአት አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ክቡርነታቸው፣ ሊቀ ድንጋይ፣ ዐቃቤ ቅስት ወመስኮት፣ ሚስተር ኦስዋልድ ቢድል። ጡረታ የወጡት ከፖስታ ቤት ነው። ደብዳቤ ሲያድሉ ኖሩ ማለት ግን አይቻልም፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ለማረም ሰበብ ነበር። ቁመታቸው ረጅም፣ አንገታቸው ከዚያ የረዘመ፣ አፍንጫቸው ላይ ከመስከረም እስከ ግንቦት አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ የማትወድቅ። በትር ይዘው ይሄዳሉ፤ ለመደገፊያ ሳይሆን ለመጠቆሚያ።

የተዋወቅን ቀን ዕቃ እያወረድን ነበር። እኔ ወገቤን ይዤ ቀና ብዬ የደወሉን ማማ እያየሁ፣ «የኖርማኖች ሥራ ነው አሉ» አልኳት ለሞይራ።

«ይቅርታዎን፤ እንደሱ አይደለም» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል በትሩ ከአፍንጫዬ ፊት አልፎ ወደ ማማው ተቀስሯል።

«እስከዚያ ነጭ ድንጋይ ድረስ በጥንት ዘመን ከፈረንሳይ መጥተው የወረሩን የኖርማኖች ነው። ከዚያ በላይ አንድ የሱፍ ነጋዴ ኃጢአቱ ሲከብደው ያስቀጠለው ነው። ቀለሙን ይመልከቱ። ድንጋይ አይዋሽም።»

«ነጋዴው ምን አጥፍቶ ነው?» አለች ሞይራ።

«ሚዛን ያጋድል ነበር። ማማውም ትንሽ ያጋድላል፤ በግራ በኩል ቆመው ካዩት።»

ሄደን በግራ በኩል ቆመን አየነው። ያጋድላል። የሞይራ የሸክላ ዕቃ ሣሩ ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ እኛ አንገታችንን አጣመን የሚያጋድል ማማ እናያለን። ኋላ ላይ፣ «ረበሽኳችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ በጭራሽ፣» አለች ሞይራ፣ «ባለፉ ቁጥር ብቅ ይበሉ።»

በእኛ አገር «ብቅ ይበሉ» ማለት «ደህና ይሁኑ» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ እንግሊዛዊ አልተፈጠረም። አንድ ሰው ብቅ በል ተብሎ ብቅ ቢል፣ ባለቤቶቹ መጋረጃ ጀርባ ሊደበቁ ይገባቸዋል፤ ወጉ ነው። ሚስተር ቢድል ይህን ወግ ጠንቅቀው ያውቁታል። ግን አያስፈልጋቸውም። እሳቸው በሕግ የሚገቡ ሰው ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲሸጥ መቃብሩ አብሮ አልተሸጠም። ግቢያችን ውስጥ የተቀበረ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ ሊጎበኝ ይችላል፤ ውላችን ላይ ተጽፏል። የሚስተር ቢድል እናት፣ ሚስስ ሄስተር ቢድል፣ ያረፉት ከመቅደሱ ግድግዳ ሥር ነው። ስለዚህ ሚስተር ቢድል በየእሑዱ ከምሳ በኋላ እናታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ። ከእናታቸው ጋር ሁለት ደቂቃ፣ ከእኛ ጋር እስኪመሽ።

ብቻቸውን ቢሆኑ እንኳ ባልከፋ። መንገድ ላይ ያገኙትን ቱሪስት፣ ዝናብ ያባረረውን ብስክሌተኛ፣ አያቶቹ የተጋቡበትን ሊያይ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ አስከትለው ነው የሚገቡት። እኔ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ጋዜጣ ሳነብ በሩ ይከፈትና አሥር የማላውቃቸው ሰዎች ቆመው ያዩኛል።

«ይህ ሚስተር ቶልቦት ነው፣» ይላሉ በትራቸውን ወደኔ ቀስረው፣ «አዲስ ነው፤ አትዩት። ከሥሩ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ እዩ።»

ከሶፋው ሥር ሰር ጊልበርት የሚባሉ ባላባት ተቀብረዋል። እግሬን አነሳለሁ። ሰዎቹ ያነባሉ።

ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ድሮ ካህኑ ጽዋውን የሚያጥብባት አንዲት ትንሽ የድንጋይ ጉድጓድ አለች። አንድ ጠዋት የጺም መላጫዬን ረስቼ አስቀምጬባት ነበር። ሚስተር ቢድል ያችን መላጫ በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ እንደ ሞተ አይጥ አርቀው ይዘው፣ በክብር አስረከቡኝ። የልደቴ ቀን ደግሞ መጠመቂያ ገንዳውን በረዶ ሞልቼ ቢራ ከትቼበት አገኙኝ። ይቆጣሉ ስል፣ ጎንበስ ብለው በረዶውን አዩና «ክዳኑ ነው የጠፋው፤» አሉ፣ «በዘመኑ ክዳን ነበረው፣ ከነቁልፉ። ሰው ጠበሉን እየሰረቀ ለላሙ ያጠጣ ነበር።» ከዚያ አንድ ቢራ አንስተው ጠጡ።

አንድ ጊዜ የሞይራ እህት ግሌኒስ ከኮቨንትሪ መጣች። ረጅም መንገድ ነው፤ ገና ከመኪና እንደወረደች ያገኘችው ሚስተር ቢድልን ነው።

«መታጠቢያ ቤቱ የት ነው?» አለቻቸው።

«ይህን ለመመለስ፣» አሉ ሚስተር ቢድል በትራቸውን እያመቻቹ፣ «ወደ ጥቁሩ ሞት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።»

ወሰዷት። በቸነፈሩ የመንደሩ እኩሌታ እንዳለቀ፣ ሰው በማነሱ የደቡቡ ክንፍ እንደፈረሰ፣ በድንጋዩ ዕቃ ቤቱ እንደተሠራ፣ ዕቃ ቤቱም እንዴት ወደ ሰሜን እንደዞረ፣ አንድ በአንድ። ግሌኒስ እግሯን አቆላልፋ ቆማ ሰማች። እኛ ሰዎች ጨዋዎች ነን፤ ጨዋነታችን አንድ ቀን ይገድለናል። ከዚያ ወዲህ ሰላም የምትለን በስልክ ነው።

የተማረ ሰውም አይምሩም። ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ፕሮፌሰር ሰሜናዊውን በር አይተው «የአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ግሩም ምሳሌ» ቢሉ፣ ሚስተር ቢድል «ይቅርታዎን» ብለው ጀመሩ። ፕሮፌሰሩ ባርኔጣቸውን ረስተው ሄዱ። ሚስተር ቢድል ባርኔጣውን አገላብጠው አዩትና በየትኛው ዓመት እንደተሰፋ ነገሩን።

ሞይራ መጀመሪያ ላይ የእሑድ ከሰዓትን መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ነበር የምታሳልፈው። እኔ ደግሞ መሸሻ ስላልነበረኝ ተማርኩ። ሳላስበው ስለ ደጋፊ ግንብና ስለ ቅስት አናት ድንጋይ የማውቅ ዓሣ ጠባሽ ሆንኩ።

ጉብኝቱ ሁሉ የሚያበቃው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ የባልዲ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ከውጭ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተዘግቷል። ሚስተር ቢድል እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ባርኔጣቸው ይወልቃል።

«የለምጻሞች መስኮት፣» ይላሉ። «ከሰው መቀላቀል የተከለከሉት ምስኪኖች፣ በዝናብ በውርጭ፣ ከመቃብሩ መካከል ተንበርክከው ሥርዓቱን በዚህች ቀዳዳ ይከታተሉ ነበር። በመላው አውራጃ ከዚህ ሌላ የለም። እስቲ ዝቅ በሉ።»

ሰው ሁሉ ይንበረከካል። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሽማግሌ እንኳ ተደግፎ ይንበረከካል። ከኖቲንግሃም የመጡ ሁለት ሴቶች እዚያ ቀዳዳ ፊት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሚስተር ቢድል በዚያ ሰዓት ቁመታቸው ይጨምራል። ይህ የእሳቸው ግኝት ነው፤ ከእሳቸው በፊት ቀዳዳውን ማንም ቀዳዳ ከማለት አልፎ የጠራው የለም።

የቤታችን ጠላት ብርድ ነው። ጣሪያው ላይ ከእንጨት የተቀረጹ መላእክት አሉ፤ ማሞቂያ ስናበራ ሙቀቱ ተነስቶ ወደ እነሱ ይሄዳል። መላእክቱ ላብ በላብ፣ እኛ በኮት ላይ ኮት። እኔ ቀልጄበት አለፍኩ፤ የሞይራ ሳንባ ግን ቀልድ አላወቀም። የዘይት ጭስ ሲያጠግበው የኖረ ሳንባ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ሲያስወጧት ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ «ወይ አንድ ሞቃት ክፍል፣ ወይ ሌላ ቤት፤ ሌላ ክረምት እንዲህ አትችልም» አሉኝ።

መፍትሔው የብረት ምድጃ ነው። መቅደሱ ትንሽ ክፍል ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ ምድጃ ይበቃዋል። ምድጃ ግን ጭስ አለው፣ ጭስም መውጫ ይፈልጋል። ቅርስ ተብሎ በተመዘገበ ቤት ደግሞ ከወረዳው የቅርስ ሹም ፈቃድ ውጭ ሚስማር መምታት አይቻልም። ሹሟ ሚስ ኮፕ የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት፤ ትሑት፣ እና እንደ ቅዱስ ቦቶልፍ ግድግዳ የማትነቃነቅ። በጣሪያው ቧንቧ እናውጣ አልን፤ አይሆንም። በመስኮቱ? አይሆንም። አዲስ ቀዳዳ? ይህንንማ እንዳልሰማች ሆነች።

«ነባር ቀዳዳ ካለ ግን አያለሁ፣» አለች። «የጥንት ቅርስ እስካልሆነ ድረስ።»

ነባር ቀዳዳማ ነበረን። አንድ። ሰው ተንበርክኮ የሚያለቅስበት።

ሞይራ ያን ማታ ክሯን ጠቅልላ ጨረሰች። ኋላ ላይ፣ «ሚስ ኮፕ እሑድ ናት የምትመጣው?» አለችኝ።

«እሑድ። ሚስተር ቢድልም እንዲገኙ ጠይቃለች። አስተያየታቸውን ትፈልጋለች።»

«እንግዲያው አለቀ።»

«ሄጄ ላነጋግራቸው።»

«እንዳትለምን፣ ሌስሊ። እውነት ነው ብሎ የሚያምነውን ሰው አታስዋሸው። እንሄድ እንደሆነ እንሄዳለን፤ ግሌኒስ ጎን ትንሽ አፓርታማ አትጠፋም።»

አፓርታማ ስትል ሳታውቀው ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። በማግስቱ ሚስተር ቢድል ዘንድ ሄድኩ። ልለምን አይደለም፤ ልናገር ብቻ።

«ሚስተር ቢድል፣ የሞይራን ነገር ያውቃሉ። ሐኪሙ ይህ ክረምት…»

«ይቀመጡ፣ ሚስተር ቶልቦት። እዚያኛው ላይ አይደለም፣ እሱ ያለው ሦስት እግር ብቻ ነው።»

«እሑድ ሚስ ኮፕ ትመጣለች። ቀዳዳው…»

«መስኮቱ።»

«መስኮቱ። ያረጀ ነው ካሉ…»

«እኔ ነው አልልም፣ አይደለም አልልም። ድንጋዩ የሚለውን እላለሁ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እኔ ያልኩት…»

«ሚስተር ቶልቦት፣» አሉ፣ «ሚስስ ቶልቦት ማታ ማታ ያስላሉ?»

«ታስላለች።»

«ከውጭ ይሰማል፣» አሉና ሻይ ቀዱልኝ። ሻዩ ቀዝቃዛ ነበር። ጠጥቼ ተነሳሁ። እቤት ስደርስ ሞይራ የሸክላ ዕቃዋን የምትጠቀልልበት ካርቶን ሰብስባ ነበር።

እሑድ መጣ። ሚስ ኮፕ ባትሪዋን ይዛ፣ ሚስተር ቢድል በትራቸውን ይዘው፣ አራታችን መቅደሱ ውስጥ ቆምን። ሚስ ኮፕ ተንበርክካ ቀዳዳውን በባትሪ ስታይ ቆየች። ስትነሳ ፊቷ ፈክቷል።

«አያስታውሱኝም፣» አለቻቸው ሚስተር ቢድልን። «ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት አምጥተውን ነበር። ለምጻሞቹን የነገሩን እርስዎ ነዎት። ለዚህ ሥራ ልቤ የተነሳው የዚያን ቀን ነው።» ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ድምፅዋን ቀነሰች። «አዝናለሁ። የለምጻሞች መስኮት ከሆነ፣ እንኳን ቧንቧ ጣትም እንዲገባበት አልፈቅድም።»

ሞይራ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ሳሏን አፍና ልታሳልፈው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። ግድግዳው ተቀብሎ አስተጋባው።

ሚስተር ቢድል ዝም አሉ። ይህ ራሱ በቤቱ ታሪክ መመዝገብ ያለበት ነው። ጠብታዋ አፍንጫቸው ላይ ተንጠልጥላ እኛም አብረናት ተንጠለጠልን።

«ይቅርታዎን፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እንደሱ አይደለም።»

«ምኑ?» አለች ሚስ ኮፕ።

«መስኮት አይደለም። እጅዎን ያስገቡ። እስከ ክንድዎ። አሁን ወደ ላይ አዙረው የላይኛውን ድንጋይ ይዳስሱ።»

አስገባች። ስታወጣው አራት ጣቷ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ጥላሸት፣» አሉ ሚስተር ቢድል። «ሰው በመጸለዩ ጥላሸት አይተውም። ደግሞ የመሮውን ፈለግ ይዩት፤ እንዲህ ያለ መሮ በለምጻሞቹ ዘመን አልነበረም። ትናንት በሚባለው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ሰው በብርድ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መምጣት ሲተው፣ የጊዜው ቄስ ምድጃ አስገቡ። ይህ የምድጃው ጭስ መውጫ ነው። ምድጃው ሚስስ ቶልቦት አሁን ከቆሙበት ላይ ነበር።»

ሞይራ እግሯ ሥር አየች።

«ምድጃው ከተነሳ ቆይቷል፤ እንዴት ያውቃሉ?» አለች ሚስ ኮፕ።

«እናቴ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች በስብከት መካከል እግሯን አስጠግታ ካልሲዋ ተቃጠለ። ሽታው ቄሱን አስቆማቸው።»

«ታዲያ ለእኛ ለልጆቹ…»

«ያን ያስተማራችሁ ሰው አላዋቂ ነበር።»

«እርስዎ ነበሩ እኮ።»

«አዎ። እሱ ነው።»

በድምፃቸው ውስጥ ለፕሮፌሰሩ ያልተረፈ ምሕረት ለራሳቸውም አልነበረም። ሚስ ኮፕ ጣቷን እያየች ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ከሚል ነገር ጋር ስትታገል፣ ሞይራ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። «እናትዎ ሲነግሩዎት ምን አሏቸው?»

ሚስተር ቢድል ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«‹ይቅርታሽን እማዬ፤ እንደሱ አይደለም› አልኳት። ጥላሸቱን የዳሰስኩት ቀብረናት ስንመለስ ነው።»

በትራቸውን ይዘው ወጡ። ደህና ዋሉም አላሉ።

ፈቃዱ ወጣ፣ ምድጃው ገባ። የመጀመሪያውን እሳት ያነደድን ቀን ሞይራ ኮቷን አወለቀች፤ ቀጥላ ሹራቧን። ሚስቴ ከኮት ሥር ምን ዓይነት ቀሚስ ለብሳ እንደኖረች በዚያ ቀን አየሁ። ካርቶኖቹ እዚያው ምድጃ ውስጥ ገቡ።

እሑድ መጣ፤ ሚስተር ቢድል አልመጡም። ቀጣዩም እሑድ እንዲሁ። እናታቸውን በታችኛው በር ገብተው ጎብኝተው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ጋዜጣዬን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩ። ይህን ያህል አሰልቺ ጋዜጣ ስገዛ እንደኖርኩ አላውቅም ነበር። ሞይራ ሦስተኛውን ኩባያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አየችውና፣ «ይህን ለማን ነው ያወጣሁት?» አለች። መልሳ ግን አላስገባችውም።

ቀጥሎ በመጣው እሑድ አንድ አውቶቡስ ጡረተኞች በራችን ላይ ቆመ፤ እነዚያ የኖቲንግሃም ሴቶች ጓደኞቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ምን ይደረጋል፣ እኔ አስጎበኘሁ። ጥቁሩን ሞት ከኖርማኖች አስቀደምኩት። ሰር ጊልበርትን የሱፍ ነጋዴ አደረግኋቸው። ሰዎቹ በጨዋነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከኋላ ያሉት ስለ አውቶቡሱ ወንበር ያወራሉ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ እጄን ነካ አድርጋ፣ «የኔ ወንድም፣ ደህና እየሠራህ ነው፤» አለችኝ፣ «ያ ረጅሙ ሰውዬ ግን ሞቱ እንዴ?»

ሞይራን ሻይ አፍልታ እንድታቆያቸው ነግሬ ወደ ሚስተር ቢድል ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው ተቀምጠው ሰርዲን በተጠበሰ ዳቦ እየበሉ ነበር። ጎን ለጎን ሬዲዮው ስለ ድንች ተባይ ያወራል፤ አያርሙትም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ሰዎች መጥተዋል፣» አልኳቸው።

«መልካም ጉብኝት።»

«እርስዎን ነው የሚጠይቁት።»

«ምን ላሳያቸው፣ ሚስተር ቶልቦት? ጉብኝቱ ሁሉ ወደዚያ ቀዳዳ ነበር የሚሄደው። ያለ እሱ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንግሊዝ ሞልታለች።»

ማጽናናት አላውቅም። ያሳደገኝ የዓሣ መጥበሻ ነው፤ ደንበኛ ሲያዝን ድንች እጨምርለታለሁ፣ ሌላ ዘዴ የለኝም። ተነስቼ ልወጣ ስል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣

«እሺ፤ እንግዲህ ሞይራ እንደጀመረች ትጨርሰው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ማብራራቱን። ማማውን እያሳየቻቸው ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ነው አለቻቸው።»

ሹካቸው አየር ላይ ቆመ።

«ለእንግዶች?»

«ለአንድ አውቶቡስ።»

«የትኛው ክፍል?»

«ሁሉም። ከነመሠረቱ።»

ሬዲዮው ጠፋ። ኮቱን አንድ እጅ አግብተው ሁለተኛው እጅጌ ከኋላ እየተንዘላዘለ በሩ ላይ ደረሱ። የጫማቸውን ማሰሪያ መንገድ ላይ ለማሰር ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳያስሩ ሄዱ። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ሞይራን እንዴት እንደማስጠነቅቅ አስባለሁ፤ የሚሆን አልነበረም። ሳሎኑን በርግደው ገቡ።

«ሚስስ ቶልቦት፣ ማማው…»

ሞይራ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ እኔን አየችኝ። ትዳራችን የቆየ ነው። ዓይኗን አንድ ጊዜ ሰበር አድርጋ ወደ ሚስተር ቢድል ዞረች።

«የቪክቶሪያ ዘመን ነው፣» አለች። «ምነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይተርካል። ጡረተኞቹ ዝናብ ላይ ወጥተው በግራ በኩል ቆመው አንገታቸውን አጣመሙ። እግሬን ከሰር ጊልበርት ላይ አነሳሁ። ግሌኒስን ያሰቃየው ጥቁሩ ሞት በቦታው ተመለሰ። መቅደሱ ሲደርሱ ግን ሚስተር ቢድል ዘገዩ። ምድጃው እየነደደ ነበር። የኖቲንግሃሟ ሴት ቀዳዳውን ብትፈልግ ቧንቧ አየች።

«ለምጻሞቹስ?» አለች።

«እዚህ ለምጻም አልነበረም፣» አሉ። ቆም አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሄስተር የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። በርዷት ነበር።»

ነገሯቸው። ስብከቱን፣ ሽታውን፣ ቄሱ ከመድረክ ወርደው ልጅቷን በሁለት እጃቸው አንስተው የካልሲዋን ጫፍ በጠበል ያጠፉትን። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ አላውቅም፤ እናታቸው ለካ በደንብ ነግረዋቸው ነበር፣ እሳቸውም እያረሙ በደንብ ሰምተዋል። አንድ ሽማግሌ እጁን ወደ ምድጃው ዘረጋ። ሌሎቹም ዘረጉ። ማንም ተንበርከኩ ያላቸው የለም፤ ሙቀቱ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ግን ቀስ በቀስ ሁሉም ዝቅ አሉ።

«የተቃጠለው የቀኝ እግራቸው ካልሲ ነበር አይደል?» አለች ሞይራ።

«የግራ» አሉ ሚስተር ቢድል፤ ለምን የግራ ሊሆን እንደሚገባም፣ ከምድጃው በር አከፋፈት ተነስተው፣ አውቶቡሱ ጥሩምባ እስኪነፋ አስረዱን።

እንግዲህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሥራ ይበዛል። ሞይራ ኬክ ትጋግራለች፣ እኔ ስህተት አዘጋጃለሁ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በጣም ትንሽ ከሆነ ሻይ ሳይቀርብ ያልቃል፣ በጣም ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሚስተር ቢድል ይጠረጥራሉ። ለነገ መጠመቂያ ገንዳው ከጣሊያን በመርከብ የመጣ ነው ልላቸው አስቤአለሁ። እስከ እራት ያቆያቸዋል።